ክራክ ያስጣለኝ ጊምፕ፦ አንዲት የጅማ ፎቶ ቤት ስትመዝነው

እቅጩን ከፊት ላስቀምጠው። ጊምፕ 3 የሚባለው ነፃ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ለፎቶ ቤት ሥራ ይበቃል። ለጉርድ ፎቶ፣ ለምረቃ ፎቶ፣ ለድሮ ፎቶ እድሳትና ለባነር ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። ማተሚያ ቤት የሚገባ ማሸጊያ ወይም መጽሔት ከሆነ ግን ቆም በሉ። እሱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ማን ነሽ ለምትሉኝ፣ ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። አንድ ልጅ ያግዘኛል። ማሽኔ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፣ ራሙ 8 ጊጋ። ግራፊክስ ካርድ የሚባል ነገር የለውም። ባለ ትልቅ ስቱዲዮ ይህን ካነበበ «ይቺ ደግሞ» ሊል ይችላል። ይበል። አብዛኛው የክፍለ ሀገር ፎቶ ቤት የሚሠራው እንደኔ ባለ ማሽን ነው።

ድሮ የምንሠራው በፎቶሾፕ ነበር፣ ያውም በክራክ፣ ቁልፉ ተሰብሮ ያለ ክፍያ በሚዞረው ቅጂ። ፎቶሾፕን አላማውም። ከ1990 ጀምሮ ያለ፣ ዓለም የሚሠራበት ዕቃ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ግን ከ2013 ወዲህ በየወሩ የሚከፈልበት ሆኗል። ክፍያውም በዶላር ካርድ። እዚህ ማን የዶላር ካርድ አለው? ስለዚህ ክራኩ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሲጫን ደግሞ መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ ይላል። ሌባ ውሻውን እሰሩልኝ ሲል እሺ ብሎ እንደማሰር ነው። አንዱ ሱቅ የጫነልን ክራክ የደንበኞች ፎቶ ያለበትን ፎልደር በሙሉ ወደ ሾርትከት ቀየረው። ከዚያ ወዲያ ክራክ በቃኝ አልኩ።

ጊምፕ ትናንት የመጣ አይደለም። በ1995 በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተማሪዎች፣ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ፣ ጀመሩት። በ1996 ለሕዝብ ለቀቁት። ኮዱ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ይቀይረዋል፣ ለሌላም ያከፋፍለዋል። የድሮው 2.10 የወጣው በ2018 ነው፣ 3.0 ደግሞ በማርች 2025። መሐሉ ሰባት ዓመት ነው። ይህን ያህል የቆየበት ምክንያት ሲከፍቱት በዓይን አይታይም። የተቀየረው አብዛኛው ነገር ከሥር ነው።

ከሚታየው ውስጥ ለኔ ዋናው ይሄ ነው። አንድ አባት የአባታቸውን ፎቶ ይዘው መጡ። መሐሉ ላይ ታጥፎ ተሰንጥቋል፣ አንዱ ጥግ በውሃ ተበልቷል። ስካን አድርጌ ስንጥቁን በሂል መሣሪያ ደፈንኩት። ከዚያ ኩርቭስ የሚባለውን የብርሃን ማስተካከያ ከፍቼ ፊቱን ፈካ አደረግሁት። እሳቸው ከጀርባዬ ቆመው ያያሉ። «ልጄ፣ አታንጪው። አባቴ ጠይም ነበር፣ ጠይምነቱን ተይልኝ» አሉ። በ2.10 ቢሆን ኩርቭሱ አንዴ ከገባ ገባ ነው። ከሱ በኋላ የሠራሁትን ሁሉ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ። በ3.0 ግን ማስተካከያው ከሌየሩ (እንደ ስስ ወረቀት ከሚደራረበው የምስል ንብርብር) ላይ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ከሌየሩ ስም አጠገብ ኤፍኤክስ የምትል ምልክት ትወጣለች። እሷን ነክቶ ኩርቭሱን መልሶ መክፈት፣ ማጥፋት፣ ማብራት ይቻላል። እሳቸው «እዚያ ላይ፣ እዚያ ላይ ያዥው» እያሉ አብረን አገኘነው። ስንጥቁን የደፈንኩበት ሥራ ከሥር ሳይነካ ቆየ። ለዚህ ብቻ ብዬ 3.0ን እጭነው ነበር።

ዋጋ ግን አለው። እንዲህ የተንጠለጠሉ ማስተካከያዎች ሲበዙ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። በቃ፣ አልቋል ስትሉ አዋሕዱት።

ጽሑፍም ተሻሽሏል። በ3.0 ፊደሉ ዙሪያ ላይ መስመር ማስመር የጽሑፍ መሣሪያው የራሱ ሥራ ሆኗል። የሰርግ ካርድ ለሚሠራ ይህ እረፍት ነው። ስሙን ካሰመራችሁ በኋላ ሙሽራው «አይ፣ የሷ ስም ይቅደም» ቢል ጽሑፉን ብቻ ትቀይራላችሁ፣ መስመሩ ይከተላል።

አማርኛ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሚያግዘኝ ልጅ አንድ ሰሞን «እትዬ፣ ፎንቱን ብቀይረው ብቀይረው አማርኛው አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ተማረረ። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ አልነበረም። የሚመርጣቸው ፎንቶች የላቲን ፊደል ብቻ ያላቸው ናቸው። ጊምፕ እዚያ ውስጥ «ሀ»ን ሲያጣ ዝም ብሎ አማርኛ ካለው ሌላ ፎንት ይበደራል። ምንም አያስጠነቅቅም። ስለዚህ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው «ባጋ ገመዳን» ቄንጠኛ ሆኖ፣ ከሥሩ ያለው አማርኛ ያው የለመድነው ሆኖ ይወጣል። ጅማ ውስጥ ካርዱም ባነሩም ባብዛኛው በሁለቱም ቋንቋ ስለሆነ ልዩነቱ ወዲያው ያስታውቃል። መፍትሔው የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት መምረጥ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በውፍረትም በቅጥነትም ይገኛል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል መልኩ ያምራል፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው።

ሌላው የፓወር ግዕዝ ጣጣ ነው። አሁንም ከአንዳንድ መሥሪያ ቤት በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ይመጣል። ገልብጣችሁ ጊምፕ ላይ ስትለጥፉት የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደባልቆ ይወጣል። ጊምፕን አትስደቡ። ያ የድሮ ፎንት ዩኒኮድ የሚባለውን፣ ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ አይከተልም። የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጠው። ወይ በመለወጫ ቀይሩት፣ ወይ እኔ እንደማደርገው ልጁን «ጻፈው» በሉት።

አሁን ወደ ብልሽት ልምጣ። ይህን ግምገማ ለመጻፍ የተነሳሁትም ለዚህ ነው። ጊምፕ ይበላሻል፣ ያስቸግራል። ነገር ግን ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ ማወቅ ይቻላል። ክራኩ ሲዘጋ ዝም ብሎ ይዘጋል፣ ማንን ትጠይቃላችሁ?

ብልሽት ከሚባለው ውስጥ ብዙው ደግሞ ብልሽት አይደለም። መሣሪያዎቹ በሙሉ ከስክሪኑ ጠፉ? ታብ የምትባለውን ቁልፍ ሳታውቁ ነክታችኋል፣ መልሳችሁ ንኳት። ብሩሹ አይቀባም? መጀመሪያ ከምስሉ አንድ ጥግ ላይ የተረሳ ምርጫ (በነጠብጣብ የተከበበ ቦታ፣ ሴሌክሽን) ካለ አጥፉት፤ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤ ነው። ከዚያ የቆማችሁበት ሌየር የትኛው እንደሆነ እዩ። ከዚያ ሌየሩ ተቆልፎ እንደሆነ። ከዚያ በሌየሩ ዙሪያ ያለውን ነጠብጣብ መስመር እዩ፤ ሌየር የራሱ ወሰን አለው፣ ከወሰኑ ውጭ ቀለም አይቀበልም። በ3.0 ሌየሩ ከብሩሹ ጋር እንዲሰፋ የሚያደርግ ምርጫ ብሩሹ ሥር ተጨምሯል። ጠፍቶ ከሆነ አብሩት።

ፋይል ማስቀመጥ አዲስ ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ነው። ኮንትሮል ኤስ የሚያስቀምጠው በጊምፕ በራሱ ዓይነት፣ በኤክስሲኤፍ ብቻ ነው። ጄፔግ የሚወጣው በኤክስፖርት ነው። ልጁ ለአንዲት ተመራቂ ኤክስሲኤፉን በቴሌግራም ልኮላት፣ ስልኳ አልከፍት ብሎ ከግቢ ድረስ ተመልሳ መጣች። ሰውን ያናድዳል፣ እኔ ግን ደግፌዋለሁ። ሌየሮቹ ያሉበት ፋይል ሁልጊዜ ይተርፋል።

ከእውነተኛዎቹ ችግሮች መጀመሪያ የገጠመን ሲከፈት መቆየቱ ነው። ፎንቶችን እየፈለግሁ ነው ብሎ ይቆማል። ቡና አፍልታችሁ አቦሉን ትጠጣላችሁ፣ እሱ እዚያው ነው። ምክንያቱ የኛው ፎንት ነው። ከፍላሽ የመጣ ፎንት ሁሉ እየተጫነ ብዛቱ ወሰን አጥቷል። ጊምፕ ሲነሳ ያሉትን ሁሉ ያነባል። የተበላሸ ፎንት ካጋጠመው ደግሞ ሊዘጋም ይችላል። የማንጠቀምባቸውን አውጥተን ሌላ ቦታ አስቀመጥናቸው፣ ሲከፈት አሁን ቶሎ ይነሳል።

ሁለተኛው ባነር ነው። 3 ሜትር በ2 ሜትር ባነር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ልክፈት ካላችሁ ከ800 ሚሊዮን ፒክስል በላይ ነው። አንድ ሌየር ብቻ ከ3 ጊጋ በላይ ይበላል። በ8 ጊጋ ራም ከዚህ በላይ ሁለትና ሦስት ሌየር ሲጨመር ሥራው ወደ ሃርድ ዲስክ ይወርዳል፣ ማሽኑም ያቃስታል። ባነር ከመንገድ ማዶ ነው የሚነበበው። በ72 ዲፒአይ ወደ 48 ሚሊዮን ፒክስል ነው፣ ሌየሩም ከ200 ሜጋ በታች። ከሩቅ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቀውም። በፕሪፈረንስ ውስጥ ደግሞ የታይል ካሽ መጠን የሚል አለ፤ ጊምፕ ለምስሉ ከራሙ ምን ያህል እንዲወስድ የምትፈቅዱበት ነው። እኔ 4 ጊጋ አድርጌዋለሁ። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ይታፈናል።

ሦስተኛው በፍጹም የማልምረው ነው። ጊምፕ በየደቂቃው በራሱ አያስቀምጥም። ፕሮግራሙ ራሱ ተሰናክሎ ከተዘጋ የሥራችሁን ቅጂ ለማዳን ይሞክራል፣ ስትከፍቱትም ልመልስ ወይ ይላል። ይህ ከ2.10 ጀምሮ አለ፣ ጥሩም ነው። መብራት ከሄደ ግን የሚያድነው ነገር የለም። ጅማ ውስጥ ዝናብና መብራት መቃጠር እንደማይወዱ የምታውቁት ነው። በእኛ ቤት ዩፒኤስ ሳይኖር ጊምፕ መክፈት ክልክል ነው። 2025 ደርሶ ይህን አለማካተታቸው ይገርመኛል።

ሲሰናከል የሚወጣው መስኮት ላይ ረጅም የእንግሊዝኛ ዝርዝር አለ። ብዙ ሰው አይቶት ይዘጋዋል። አትዝጉት። መረጃውን ቅዳ የሚል ቁልፍ አለው። እዚያ ውስጥ የጊምፑ ቁጥር፣ የዊንዶውሱ ዓይነት፣ የቱ ክፍል ላይ እንደወደቀ ሁሉም አለ። ያንን ይዞ ሠሪዎቹ ችግር የሚመዘግቡበት የግኖም ጊትላብ ላይ መጻፍ ይቻላል። መጀመሪያ ሌላ ሰው ጽፎት እንደሆነ ፈልጉ። ከዚያ ምን ነክታችሁ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል ጻፉ። «አይሠራም» ብቻ ማለት ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም ማለት ነው፣ ማንም ሊረዳችሁ አይችልም። ሥራው በአብዛኛው በፈቃደኞች የሚሠራ ስለሆነ ነገ መልስ አትጠብቁ።

ክፍትነቱ ከምንም በላይ የጠቀመኝ በጉርድ ፎቶ ነው። የምዝገባ ሰሞን ሰልፉ እስከ ደጅ ነው። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር ጉርድ በ300 ዲፒአይ 354 በ472 ፒክስል ይሆናል። 10 በ15 ወረቀት ላይ የመቀስ ቦታ ተትቶ 8 ፍሬ ይገባል። ያንን በእጅ እያባዙ መደርደር ያሰለቻል። የጎረቤታችን ልጅ ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ግቢ ይማራል። ፓይተን በሚባል የኮድ ቋንቋ አጭር ፕለጊን፣ ማለትም ጊምፕ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ፕሮግራም፣ ጻፈልኝ። ፊቱን ቆርጬ አንዴ ስነካው 8ቱን ደርድሮ፣ ቀጭን ግራጫ መስመር አስምሮ ያወጣዋል። ይህን በክራክ ማን ያደርግልኛል?

3.0 ሲመጣ ግን ፕለጊኑ ከሜኑ ጠፋ። ኪቶን ጠራሁት። ኮዱን ከፍቶ ሳቀ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ በፓይተን 2 ነው የተጻፈው» አለኝ። 3.0 የሚፈልገው ፓይተን 3 ነው። የድሮዎቹ የፓይተን ፕለጊኖች ሁሉ የሚጀምሩበት ጊምፕፉ የሚባል ክፍልም ተነስቷል። «አሁን ያለሁበትን ሌየር ስጠኝ» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ተቀይሯል። በ3.0 ብዙ ሌየር በአንዴ መምረጥ ስለሚቻል የሚመልሰው አንድ ሌየር ሳይሆን ዝርዝር ነው። ልጁ ከዚያ ዝርዝር የመጀመሪያውን እንዲወስድ አድርጎ አስተካከለው።

አሁንም ሜኑ ላይ የለም። ምንም የስሕተት መልእክት አይታይም። ጊምፕን ከኮማንድ መስኮት፣ ሁሉንም ነገር እየተናገረ እንዲነሳ አድርጎ ከፈተው። ያኔ ታየ። በ3.0 ፕለጊን በራሱ ፎልደር ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ የፎልደሩና የፋይሉ ስምም አንድ መሆን አለበት። የኛው ፋይል እንደ ድሮው ብቻውን ተጥሎ ነበር። ፎልደር ሠርቶ ከተተው፣ ወጣ። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ፋይሉ እንዲሠራ ፈቃድ መስጠት አትርሱ። በ2.10 ብዙ ፕለጊን ሰብስባችሁ ሥራችሁ በነሱ የቆመ ከሆነ ወደ 3.0 ከመዝለላችሁ በፊት እያንዳንዱ ተሻሽሎ እንደሆነ አጣሩ። ካልተሻሻለ አይሠራም፣ ነገሩ ያው ነው።

ልጁ በዚያው ሙቀት ጊምፕን ከነኮዱ በራሱ ላፕቶፕ ልገንባው አለ። መጀመሪያ ባብል የሚባለው የቀለም ክፍል፣ ቀጥሎ ጌግል የሚባለው የምስል ሞተር፣ መጨረሻ ላይ ጊምፕ ነው። አንዱ ከሚፈለገው ቁጥር ትንሽ ካረጀ ቀጣዩ እምቢ ይላል። የሌሊት ፓኬጁን ጨርሶበት ጠዋት ቀይ ዓይን ይዞ መጣ። ተገንብቷል ግን። እናንተ ይህን ማድረግ የለባችሁም። የጊምፕ ድረ ገጽ ላይ ለዊንዶውስ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ቶሬንቱን ምረጡ፤ ኔትወርክ ቢቆራረጥ ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን ያቆየሁት የማተሚያ ቤት ነገር። ሊሙ ቡና እየቆላ የሚሸጥ ደንበኛ የማሸጊያ ሌብል አሠራን። ስክሪን ላይ ቅጠሉ ደማቅ አረንጓዴ ነው። አዲስ አበባ ወዳለ ማተሚያ ቤት ተላከ። ሳይጠይቁን ወደ ማተሚያ ቀለም ቀይረው አተሙት። የመጣው አረንጓዴ የደበዘዘ ነው። ትንንሹ ጽሑፍ ደግሞ ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ ጥላ አውጥቷል፣ የ«ሟ» እግር ተድበስብሷል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ስክሪን ብርሃን ነው የሚያደባልቀው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ማተሚያ ደግሞ አራት ቀለም ነው፤ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ደማቁ አረንጓዴ በአራቱ ቀለም አይገኝም። የስክሪኑ ጥቁር ፊደልም ሲቀየር ከአራቱም ቀለም ተደራርቦ ይሠራል። ወረቀቱ በማሽኑ ውስጥ በትንሹ ከተዛነፈ ቀለሞቹ አይገጣጠሙም፣ ቀጭኑ ፊደል ይጎዳል። ጊምፕ በ3.0ም ቢሆን በቀጥታ በአራቱ ቀለም መሥራት አይችልም። የሚችለው የማተሚያ ቤቱን ፕሮፋይል (የቀለሙን መግለጫ ፋይል) ጭኖ ሲታተም ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ማሳየትና ቲፍ ወይም ጄፔግ በሲኤምዋይኬ፣ በእነዚያው አራት ቀለሞች፣ ማውጣት ነው። ይህ ለፎቶው በቂ ነው። ለፊደሉ አይበቃም።

አሁን የምናደርገው እንዲህ ነው። ከማተሚያ ቤቱ ፕሮፋይሉን እንጠይቃለን። ፎቶውንና ቅጠሉን በጊምፕ ሠርተን ቲፍ እናወጣለን። ጽሑፉን ግን ስክሪበስ በሚባል ሌላ ነፃ ፕሮግራም ላይ በጥቁር ቀለም ብቻ እንጽፈዋለን፣ ከዚያ ፒዲኤፍ። አንድ ተጨማሪ ፕሮግራም መማር ነው፣ አድካሚ ነው። የዕለት ሥራችሁ ማሸጊያና መጽሔት ብቻ ከሆነ ጊምፕን ዋና ዕቃችሁ አታድርጉት።

አንድ የቀረኝ እሮሮ አለ። በ3.0 ክብ ወይም አራት ማዕዘን የሚሥል መሣሪያ የለም። ክብ ለማስመር መጀመሪያ ክብ ምርጫ ትሠራላችሁ፣ ከዚያ ዳሩን አስምርልኝ ትላላችሁ። መጠኑን ልቀይር ብትሉ እንደገና ከመጀመሪያ ነው። ለአርማና ለቅርጽ ኢንክስኬፕን አብራችሁ ጫኑ፣ እሱም ነፃ ነው።